ልጃችን ባሊግ ስትሆን የሚነግራት ማን ነው?



ዛሬ የምናየው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ በየቤታችን ግን የማይነሳ ነው። ዕድሜዋ ከ9 እስከ 13 ዓመት የሆነ ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ትናንት ከወንድሞቿ ጋር ስትሯሯጥ የዋለችው ልጅ ዛሬ ጥግ ትይዛለች። ጡቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ ትሄዳለች፤ ትንሽ ቃል ያስለቅሳታል፤ ልብስ ስትቀይር በር መዝጋት ትፈልጋለች፤ እናቷ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት «ምንም» ትላለች። አባትም «የዚች ልጅ ጠባይ ተበላሸ» ይላል። ጠባይዋ አልተበላሸም። አላህ በአደም ሴት ልጆች ሁሉ ላይ የወሰነው ለውጥ እየደረሰባት ነው። ጥያቄው ይህን የሚነግራት ማን ነው የሚለው ነው።

ሦስቱ ሲጠባበቁ

ጉዳዩ እንደ ወላይታ ሶዶ ባለ ከተማ ይበልጥ ይከብዳል። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ከ10 ሰው ከ9 በላይ የሚሆነው የፕሮቴስታንትና የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ነበር። ሶዶ በ2015 ዓ.ም የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህም ለንግድና ለመንግሥት ሥራ ወደ ከተማይቱ የሚመጣ ቤተሰብ አለ። ከትውልድ ቦታው ርቆ የሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ አያት፣ አክስት፣ የአጎት ሚስት አጠገቡ የለችውም። ድሮ እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅቷ በጆሮዋ ሹክ የምትላት እነዚህ ሴቶች ነበሩ። ጎረቤት ደግና አዛኝ ሊሆን ይችላል፤ የእምነቱ ተከታይ ስላልሆነ ግን የሶላቷንና የፆሟን ሑክም ሊነግራት አይችልም። በክፍሏ ውስጥ ሒጃብ የምትለብስ እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች።

እናት መድረሳው ያስተምራታል ብላ ታስባለች። የመድረሳው ኡስታዝ ወንድ ነው፤ ኪታቡ ላይ የሐይድ ምዕራፍ ሲደርስ ሴቶቹ እንዳያፍሩ ብሎ ቶሎ ያልፈዋል፤ ቀሪውን እናቷ ትነግራታለች ብሎ ያስባል። ሁለቱም ደግሞ ትምህርት ቤት አለ ይላሉ። ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ስለ ሰውነት ነው፤ ስለ ጉስልና ስለ ቀዷ አያስተምርም፤ ያውም አንዳንዷ ልጅ ትምህርቱ ሳይደርስ የወር አበባዋ ይቀድማል። ሦስቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ልጅቷ ብቻዋን ትደርስበታለች። ዛሬ ደግሞ አራተኛ አስተማሪ መጥቷል፤ እሱም ስልክ ነው። እናቷ ያልነገረቻትን ከስልክ ትጠይቃለች፤ ስልኩ የሚመልስላት ግን ያልጠየቀችውን ጭምር ነው።

ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ

በሸሪዓችን ባሊግ መሆን የሰውነት ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የተጠያቂነት መጀመሪያ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሶላትና ፆም ግዴታ ይሆኑባታል፤ ሥራዋ ይጻፋል። በመድረሳዎቻችን ከሚቀሩት አጫጭር የሻፊዒ ኪታቦች አንዱ የሆነው «ሰፊነቱ ነጃ» የባሊግነት ምልክቶችን ሦስት ያደርጋቸዋል። እነሱም 15 ዓመት መሙላት፣ ከ9 ዓመት ወዲህ በሕልምም ይሁን በሌላ ዘር መፍሰስ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ከ9 ዓመት ወዲህ ሐይድ ማየት ናቸው። ዓመቱ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተገኘ በቂ ነው።

ብዙ ሰው የያዘው ግን 15 ዓመት የሚለውን ብቻ ነው። እንበል አንዲት ልጅ በ11 ዓመቷ የወር አበባ አየች፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ቤተሰቧም «ገና ልጅ ናት፣ 15 ሲሞላት ትፆማለች» አለ። 15 እስኪሞላት ድረስ አራት ረመዷኖች አለፉ። አራቱም ግዴታዋ ነበሩ። ካደገችና ሑክሙን ካወቀች በኋላ ያለፈውን ለመቁጠርና ቀዷ ለማውጣት ትጨነቃለች። ይህ ዕዳ የመጣው እሷ ስለሰነፈች አይደለም፤ የሚነግራት ስለጠፋ ነው።

ሌላዋ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የወር አበባዋ በረመዷን ይመጣል። አባቷንና ወንድሞቿን ስለምታፍር ሱሑር ትነሳለች፣ ቀኑን ሙሉ በሆድ ቁርጠት እየተሰቃየች ሳትበላ ትውላለች፣ ከቤተሰቡ ጋር ለሶላት ትሰለፋለች። አላህ የሰጣትን እረፍት እፍረት ቀማት። ባልተፈቀደላት ቀን የፆመችው አይቆጠርላትም፤ ፆሜያለሁ ብላም ቀዷ ሳታወጣ ትቀራለች። ስለዚህ ዝምታችን ሐያእ ይመስለናል እንጂ የልጃችንን ዲን የሚያበላሽ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን አደረጉ?

ሐያእ ከኢማን ነው፤ ይህ ሐቅ ነው። ነገር ግን ከሁላችንም በላይ ሐያእ የነበራቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። በመሰናበቻው ሐጅ ጊዜ መካ ሊገቡ ሲሉ ሰሪፍ በተባለው ቦታ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የወር አበባዋ መጣ። ሐጁ አመለጠኝ ብላ ስታለቅስ አገኟት። አልተቆጧትም፤ ፊታቸውንም አላዞሩባትም። ይህ አላህ በአደም ሴት ልጆች ላይ የወሰነው ነገር መሆኑን ነግረው አጽናኗት፤ ከጠዋፍ በስተቀር ሐጅ አድራጊ የሚሠራውን ሁሉ እንድትሠራ ነገሯት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እናስተውል፤ መጀመሪያ ማጽናናት፣ ቀጥሎ ሑክሙን መንገር።

በአቡ ዳውድ ሱነን ውስጥ ደግሞ ከጊፋር ጎሳ የሆነች ሴት ስለራሷ የተናገረችው ታሪክ አለ። በሰነዱ ላይ ደካማነት አለበት ያሉ የሐዲስ ምሁራን ቢኖሩም የሲራ ጸሐፊዎች ሲቀባበሉት ኖረዋል። ይህች ሴት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ በኸይበር ዘመቻ ቁስለኛ ለማከም ወጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በግመላቸው ኮርቻ ከኋላቸው አስቀመጧት። ሲወርዱ ኮርቻው ላይ ደም ታየ፤ የመጀመሪያ ሐይዷ ነበር። ልጅቷ አፍራ ወደ ግመሉ ተጠጋች። እሳቸው ነገሩን ተረዱና ምናልባት ሐይድ መጥቶብሽ ይሆን ብለው ጠየቋት። አዎን አለች። ራሷን እንድታስተካክል፣ በዕቃ ውኃ ይዛ ጨው ጨምራበት ኮርቻውን እንድታጥብ፣ ከዚያም ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ነገሯት። ከኸይበር ድል በኋላም ከምርኮው ድርሻ ሰጧት። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከሐይድ ስትጠራ ውኃው ላይ ጨው ታደርግ ነበር፤ ስትሞትም በጨው ውኃ እንድትታጠብ ተናዘዘች። በዚያ ቀን የተነገረች ደግ ቃል እስከ መቃብር አብራት ሄደች። ያቺ ቃል ቁጣ ብትሆን ኖሮም እንዲሁ አብራት በኖረች ነበር። ወላጅ የመጀመሪያዋን ቀን አቅልሎ ማየት የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

የመዲና አንሷር ሴቶችንም ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያመሰገነቻቸው እፍረት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ስለ ሐይድ ጉስል አሠራር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቁት ሴቶች ናቸው። እነሱ ባይጠይቁ ዛሬ እኛ ከምን እንማር ነበር?

አስቀድማ ማወቅ ያለባት

እናት ንግግሩን ደም ከታየ በኋላ ከጀመረችው ዘግይታለች። የሴት ልጅ ሰውነት መለወጥ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ምልክት በአብዛኛው የጡት ማጎጥጎጥ ነው፤ አንዱ ጡት ከሌላው ቀድሞ ሊያጎጠጉጥና ሲነኩት ሊያም ይችላል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ቀጥሎ የብብትና የብልት አካባቢ ፀጉር፣ የላብ ጠረን፣ ብጉር፣ ፈጣን የቁመት ዕድገት ይመጣል። የወር አበባ የሚታየው ጡት ካጎጠጎጠ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ አላህ ለእናት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሰጥቷታል፤ ምልክቱ ሲታይ ንግግሩ መጀመር አለበት።

አጀማመሩ ቀላል ነው። አባትና ወንድሞች በሌሉበት፣ ልብስ ሲታጠብ ወይም ፀጉሯ ሲሠራ፣ «የኔ እናት፣ እኔም እንዳንቺ ሳለሁ እንዲህ ሆኜ ነበር። አንድ ቀን የውስጥ ሱሪሽ ላይ ደም ታያለሽ። ቁስል አይደለም፣ አትደንግጪ፤ መጥተሽ ንገሪኝ» ማለት ይበቃል። ሁሉን በአንድ ቀን መጨረስ አያስፈልግም። ጥያቄ ስትጠይቅ «ይሄን ከማን ሰማሽ?» ብሎ መመርመር በሩን መዝጋት ነው፤ ሁለተኛ አትጠይቅም።

ደሙ በአብዛኛው ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ጊዜው ሊዛባ፣ አንድ ወር ሊዘል ይችላል። መጠነኛ የሆድ ቁርጠት የተለመደ ነው፤ በሞቀ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሆድ ላይ ማድረግ ያስታግሳል። ነገር ግን ምልክቱ ከ8 ዓመት በፊት ከታየ፣ 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካልመጣ፣ ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ ወይም ሕመሙ ከትምህርት የሚያስቀራት ከሆነ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለባት። ደም ስለምታጣ ጎመን፣ ምስር፣ ሲገኝም ሥጋ ያስፈልጋታል፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አብሮ ሲጠጣ የብረት ማዕድኑን ስለሚቀንስ ከምግብ ቢርቅ ይሻላል። ከጤና ነገር ሳንወጣ፣ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ተሰጥቷል። ክትባቱ ያመክናል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ወላጅ ጥርጣሬ ካለው ከመንደር ወሬ ይልቅ ባለሙያ ይጠይቅ።

የሑክሙ ዋና ዋና ነጥቦች

በሻፊዒ መዝሀብ የሐይድ ትንሹ ጊዜ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 7 ቀን፣ የመጨረሻው 15 ቀን ነው። ከዚያ ካለፈ የበሽታ ደም (ኢስቲሓዷ) ስለሆነ ዝርዝሩን ዐሊም መጠየቅ ያስፈልጋል። በሐይድ ቀናት አትሰግድም፤ ያለፈውን ሶላትም ቀዷ አታወጣም። አትፆምም፤ ፆሙን ግን በኋላ ቀዷ ታወጣለች። ለዚህም ከረመዷን በኋላ ያለባትን ቀን በደብተሯ ብትጽፍ ይረዳታል። ቁርአን በመቅራትና በመንካት ላይ የመዝሀብ ልዩነት ስላለ መድረሳዋ የምትከተለውን ትጠይቅ። ዚክር፣ ዱዓና ሰለዋት ግን አይከለከሉም። ደሙ ሲቆም ኒያ አድርጋ ውኃውን ለመላ ሰውነቷና ለፀጉሯ ሥር በማድረስ ጉስል ታደርጋለች። የብብትና የብልት አካባቢ ፀጉር ማስወገድ የፊጥራ ሱና መሆኑን፣ ከ40 ቀን በላይም እንደማይተው እናቷ ታስተምራት።

አንድ ነገር አጥብቃ መስማት አለባት፤ ሐይድ ላይ ያለች ሴት ነጃሳ አይደለችም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በሐይድ ላይ ሳለች ጭኗ ላይ ደገፍ ብለው ቁርአን ይቀሩ ነበር፤ እሷ ከጠጣችበት ዕቃ፣ አፏ ካረፈበት ቦታ ይጠጡ ነበር። በእነዚህ ቀናት ልጅቷን ከማዕድ ማራቅ፣ ዕቃ እንዳትነካ መከልከል ከእስልምና የመጣ አይደለም።

አባትስ?

ብዙ አባቶች ሴት ልጃቸው ከፍ ማለት ስትጀምር ይርቋታል። ትናንት ሲያቅፋት የነበረ አባት ዛሬ የሚያናግራት «ሻሽሽን አስተካክዪ» ለማለት ብቻ ይሆናል። ልጅቷ ግን የምትረዳው ሰውነቴ ስለተለወጠ አባቴ ጠላኝ ብላ ነው። ፋጢማ (ረ.ዐ.) ትልቅ ሴት ሆና እንኳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትገባ ተነስተው ይቀበሏት፣ ይስሟት፣ በመቀመጫቸው ያስቀምጧት እንደነበር አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። አባት ስለ ሐይድ ዝርዝር ላይናገር ይችላል። በረመዷን ምሳ ስትበላ ካያት ግን እንዳላየ ማለፍ፣ ወንድሞቿ ሊጠይቋትና ሊያሾፉባት ሲሞክሩ ዝም ማሰኘት፣ ለሶላት ለምን አልተነሳሽም ብሎ በሰው ፊት አለመጠየቅ የሱ ሥራ ነው።

ቤቱንም ማስተካከል የአባት ድርሻ ነው። 10 ዓመት የሞላቸውን ልጆች መኝታ መለየት በሐዲስ የታዘዘ ነው። በሱረቱ ኑር አንቀጽ 58 እና 59 ደግሞ ልጆች በሦስት ጊዜያት፣ ባሊግ ከሆኑ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ፣ ሲገቡ እንዲያስፈቅዱ ታዟል። በሶዶ በኪራይ አንድ ክፍል ቤት የሚኖር ቤተሰብ ይህን እንዴት ያድርግ? መጋረጃ ይዘርጋ፤ ወንዶቹ ሳያንኳኩ እንዳይገቡ ይልመዱ፤ ልጅቷ ልብሷን የምታስቀምጥበት የራሷ ሣጥን ይኑራት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገንዘብ የሚጠይቅም አለ፤ ሞዴስ። የቤት ወጪ ሲታሰብ ሞዴስ ከሳሙናና ከዘይት እኩል መታሰብ አለበት። እናት በየወሩ ከጉሊት ሳንቲም እንድትሰርቅለት ወይም ልጅቷ ከትምህርት እንድትቀር ማድረግ ነውር ነው። በቦርሳዋ ውስጥ ትርፍ ሞዴስና የውስጥ ሱሪ በትንሽ ከረጢት ይኑር፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜም ትቀይር። ወ/ሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ውስጥ ባቋቋሙት ማርያም ሰባ ፋብሪካ እየታጠበ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ሞዴስ ሠርተው በ2012 ዓ.ም የሲ.ኤን.ኤን የዓመቱ ጀግና የተባሉት የሴት ተማሪዎችን ችግር ስላዩ ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ የምትጠቀም ልጅም በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ ታስጣ እንጂ አልጋ ሥር አትደብቀው፤ እርጥብ ጨርቅ በሽታ ያመጣል። ክረምት ላይ የዳሞታ ጉም ወርዶ ፀሐይ ሲጠፋ ጨርቁን በካውያ ማድረቅ ይቻላል።

ባሊግ ሆነች ማለት ለትዳር ደረሰች ማለት አይደለም

የወር አበባ ሲታይ «አሁንማ ደረሰች» ብለው ጠያቂ የሚጠባበቁ ዘመዶች አሉ። አላህ በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 6 የቲሞች ለጋብቻ ዕድሜ ደርሰው እንኳ ገንዘባቸው የሚሰጣቸው ሩሽድ (ብስለት) ሲታይባቸው እንደሆነ ደንግጓል። ባሊግነት አንድ ነገር ነው፣ ብስለት ሌላ ነው። ገንዘቧን ለማስተዳደር ብስለት ከተጠየቀ፣ ቤት ለመምራትና ልጅ ለመውለድማ እንዴት አይጠየቅ? የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም በአንቀጽ 565 ወንጀል አድርጓል። ዳሌዋ ሳይጠና የምታረግዝ ልጅ የሚደርስባትን ማየት የፈለገ፣ ይርጋለም በሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የሚታከሙትን እህቶቻችንን ያስብ።

ለሶዶ ጀመዓ

መፍትሔው ከእጃችን አይርቅም። በየመድረሳው ሴት ልጆችን ለብቻ የምታስተምር አንዲት የተማረች እህት ትመደብ። ሙዓሊማ ባይገኝ እንኳ ኡስታዙ የሐይድና የጦሃራን ምዕራፍ ለሁለት ለሦስት እናቶች አስቀርቶ እነሱ ለልጆቹ ያድርሱ። በየዓመቱ በሻዕባን ወር፣ ረመዷን ሳይገባ፣ ከ9 ዓመት በላይ ላሉ ልጃገረዶችና ለእናቶቻቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጥ፣ ያንን የአራት ረመዷን ዕዳ ከብዙ ልጆች ጫንቃ ላይ ማውረድ ይቻላል። እናት የሌላትን የቲም ልጅና ለቤት ሥራ ከገጠር የመጣችውን ልጅም አንርሳ፤ ከሁሉም በላይ ነጋሪ ያጣችው እሷ ናት።

ሁለት ሴት ልጆችን ባሊግ እስኪሆኑ ድረስ ያሳደገ ሰው በቂያማ ቀን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር እንደ ሁለት ጣቶች ተጠጋግቶ እንደሚመጣ ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። በሐዲሱ የተጠቀሰው ድንበር ባሊግነት መሆኑን ልብ እንበል። ሰባትና ስምንት ዓመት አብልቶ አልብሶ፣ እደጁ ሲደርስ ልጅን ብቻዋን መተው የዚህን አጅር መጨረሻ መተው ነው።

አላህ ሴት ልጆቻችንን በጤናና በኢማን ያሳድግልን፤ አማናችንን የምንወጣ ወላጆች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።